ሲጠብቅም ሲላላም

ልጆች ሳለን ወደ ከተማችን የሚገባውን መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች አንድ ቢጫ ዶዘር ይዘው መጡ። እኛ "ካተርፒላር" ነበር የምንለው፤ ትልቁንም ትንሹንም። ትምህርት ቤት ስንሄድም ስንመለስም እሱን ሳናይ አናልፍም። ከማሽኑ ይልቅ ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፉት አንድ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። በየማለዳው ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ይመጡና ቀጥ ያለ ጣውላ በሰንሰለቱ ጀርባ ላይ ያጋድማሉ። ከዚያም ጎንበስ ብለው በጣውላውና ወደ ታች በረገበው ሰንሰለት መካከል ያለውን ክፍተት በጣታቸው ይለካሉ። አንዳንድ ቀን ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ዝም ብለው ይሄዳሉ። አንዳንድ ቀን ደግሞ የግራሶ ፓምፓቸውን አምጥተው ሁለት ሦስት ጊዜ ይገፋሉ።

"ጋሼ፣ ምኑን ነው የሚለኩት?" አልናቸው አንድ ቀን።

"ልኩን ነዋ!" አሉን። "ይሄ ብረት ከጠበቀ ራሱን ይበላል፤ ከላላ ደግሞ ይወልቃል። ልኩን የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል።"

በዓመቱ መሥሪያ ቤቱ አዲስ መዋቅር አወጣ ተባለ። በመዋቅሩ መሠረት የመካኒክነቱ መደብ የትምህርት ማስረጃ ይጠይቃል። ሰውዬው ማስረጃቸው እጃቸው ብቻ ነበርና ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ጥበቃ ተዛወሩ። በእሳቸው ቦታ የመጣው ወጣት ክፉ ልጅ አልነበረም። ነገር ግን በደረቅ ማለዳ ሰንሰለቱን ጥብቅ አድርጎ ማሽኑን ወንዝ ዳር ወዳለው ጭቃ ሰደደው። ጭቃው በሰንሰለቱና በጥርሱ መካከል ገብቶ ሲጠቀጠቅ ሰንሰለቱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ከሰዓት በኋላ የተሰማው የብረት ድምፅ እስከ ትምህርት ቤታችን ደረሰ። የፊተኛው መንኮራኩር መሸከሚያው ተሰብሮ ነበር። መለዋወጫው እስኪመጣ ክረምት ገባ፤ ክረምቱ ወጥቶም አልመጣም። በዚያ ክረምት ምጥ የያዛት የጎረቤታችን ልጅ ሐኪም ቤት የሄደችው በቃሬዛ ነው። ወንዙ ሞልቶ ስለነበር ዳር ላይ አደረች። እሷ ተረፈች፤ የወለደችው ግን አልተረፈም።

ይህን ያነሳሁት ያንን መሥሪያ ቤት ለመክሰስ አይደለም፤ ዓመታትም አልፈውታል። ዘግይቼ ስለዚህ ሰንሰለት ታሪክ ማንበብ ስጀምር ያ የሽማግሌው ንግግር በየገጹ ስለገጠመኝ ነው። ታሪኩን የፈጣሪዎች ታሪክ አድርገን ነው የምናወራው። እገሌ በዚህ ዓመት ፈለሰፈ፣ እገሌ በዚህ ዓመት ሸጠ እንላለን። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ታሪኩ የለኪዎቹም ነው። የት ላይ እንደሚጠብቅ፣ የት ላይ እንደሚላላ የሚያውቅ ሰው ባለበት ማሽኑ ሄዷል። በሌለበት ቆሟል፤ አንዳንዴም ሰው ይዞ ሞቷል።

ሐሳቡ ራሱ ቀላል ነው። ጎማ መሬት የሚነካው በጥቂት መዳፍ በምታክል ስፍራ ነው። ክብደቱ ሁሉ እዚያች ላይ ስለሚያርፍ መሬቱ ለስላሳ ከሆነ ይሰምጣል። በቅሎ በጭቃ ላይ የምትቸገረው፣ ግመል ግን በአሸዋ ላይ እንደ ልቡ የሚሄደው በዚሁ ምክንያት ነው፤ አንዷ ጠባብ ሰኮና፣ ሌላው ሰፊ መዳፍ አለው። ሰንሰለት ማለት እንግዲህ ማሽን የራሱን መንገድ ከፊቱ እያነጠፈ፣ ከኋላው እየጠቀለለ እንዲሄድ ማድረግ ነው። ሃያ ቶን የሚመዝን ዶዘር በእያንዳንዷ ስንዝር መሬት ላይ የሚያሳርፈው ጫና በእግሩ ከሚራመድ ሰው ብዙም የራቀ አይደለም ቢባል ማን ያምናል? እውነቱ ግን ያ ነው።

ይህን ሐሳብ አንግሎ-አይሪሹ ሪቻርድ ሎቬል ኤጅዎርዝ ገና እ.ኤ.አ. በ1770 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበት ነበር። ሠረገላው የራሱን ሐዲድ ተሸክሞ የሚዞርበት ዘዴ ነው። ነገር ግን በዚያ ዘመን ለዚህ የሚሆን ሞተርም፣ ጭነቱን የሚችል ብረትም አልነበረም። ሐሳቡ በሰፊው ሥራ ላይ ሳይውል ከመቶ ዓመት በላይ ቆየ።

የቀሰቀሰው ችግር ነው። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ፣ ስቶክተን በምትባል ከተማ አቅራቢያ የወንዝ ደለል የሠራው ጥቁር መሬት አለ። ለምነቱ ለጉድ ነው፤ ልስላሴውም እንዲሁ። ቤንጃሚን ሆልት የእርሻ ማሽን አምራች ነበር። የሚሸጣቸው የእንፋሎት ማሽኖች በዚያ መሬት ላይ እየሰመጡ ገበሬው አማረረ። ሆልት መጀመሪያ ያደረገው ማንኛችንም የምናደርገውን ነው፦ ጎማውን አሰፋው። ሰፋ፣ አሁንም ሰፋ፣ በመጨረሻ ማሽኑ ከጎን እስከ ጎን እንደ ቤት የሚሰፋ ጉድ ሆነ። መታጠፍ አቃተው። ያኔ ኅዳር 24 ቀን 1904 (እ.ኤ.አ.) የኋላ ጎማዎቹን ከነጭራሹ አውልቆ በምትካቸው የእንጨት ጣውላ የተደረደረበት ሰንሰለት አስገጠመ። ማሽኑ ሳይሰምጥ ሄደ። ፎቶ ለማንሳት የመጣ ሰው አካሄዱን አይቶ "አባጨጓሬ ይመስላል" አለ ይባላል። ሆልት በ1910 "ካተርፒላር" የሚለውን በንግድ ምልክትነት አስመዘገበው። ልብ በሉ፤ እኛ በልጅነታችን "ካተርፒላር መጣ!" እያልን ስንሮጥ ሳናውቀው "አባጨጓሬ መጣ!" እያልን ነበር።

በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር፣ ግራንትሃም ከተማ፣ ሆርንስቢ የተባለው ፋብሪካ መሐንዲስ ዴቪድ ሮበርትስ የራሱን ሰንሰለት አስመዝግቧል። ለጦር ሠራዊቱም አሳይቶታል። ሠራዊቱ አየ፣ ተደነቀ፣ ብዙም አልገዛም። ኋላ ፋብሪካው መብቱን ለሆልት ሸጠው። እንግሊዝ በጦር ሜዳ ጭቃ ውስጥ ስትያዝ መድፍ መጎተቻ የገዛችው ከዚያው ከሆልት ነው። የራስን ሰው ንቆ ከሰው አገር መግዛት የእኛ ብቻ አመል አይደለም ለማለት ያህል ነው።

አሁን ወደ ደቡብ ዋልታ እንሂድ፤ የዚህ ታሪክ መራራው ክፍል እዚያ ነው ያለው።

ካፒቴን ሮበርት ስኮት ወደ ደቡብ ዋልታ ለመሄድ ሲዘጋጅ በውሻና በፈረስ ብቻ ሳይሆን በሞተርም ለመጠቀም አሰበ። ሦስት ባለ ሰንሰለት የሞተር ሸርተቴዎች በበርሚንግሃም ተሠሩ። እያንዳንዳቸው አንድ ሺህ ፓውንድ ያህል ፈጅተዋል፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ገንዘብ ነው። በሥራው ላይ ከመጀመሪያው የለፋ አንድ ሰው ነበር፦ የባሕር ኃይሉ መሐንዲስ ሬጂናልድ ስኬልተን። ከስኮት ጋር በመጀመሪያው ጉዞም አንታርክቲካ ውሎ አድሯል። ብርዱን ያውቀዋል። በ1910 ሸርተቴዎቹ ኖርዌይ ውስጥ በበረዶ ላይ ሲሞከሩም አብሮ ነበር። የማሽኑን ጠባይ ከእሱ በላይ የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነው።

ታዲያ መርከቡ ሲነሳ ስኬልተን አልተሳፈረም። ለምን ቢሉ የጉዞው ምክትል አዛዥ ኢቫንስ በማዕረግ ከስኬልተን በታች ነበር። በማዕረግ የሚበልጠኝ ሰው ከበታቼ ሆኖ እንዴት ይሠራል የሚል ጥያቄ ተነሳ። ስኮትም ነገሩን ያበረደው መሐንዲሱን በማስቀረት ነው። ስኬልተን ቅሬታውን በደብዳቤ ገለጸ፤ ግን ምን ዋጋ አለው!

በጥር 1911 ሸርተቴዎቹ ከመርከብ ሲወርዱ አንደኛው በረዶው ተሰነጠቀና ባሕር ውስጥ ሰጠመ። ሁለቱ በጥቅምት 24 ቀን 1911 ጉዞ ጀመሩ። ሰንሰለቶቹ ሠሩ! በረዶውን ጨብጠው ጭነታቸውን ጎተቱ። ያልሠራው ሞተሩ ነው። በአየር የሚቀዘቅዘው ሞተር በዚያ ሁሉ ብርድ መካከል ይግል ነበር። ጥቂት ሄዶ መቆም፣ ማብረድ፣ እንደገና ማስነሳት ነው። በመጨረሻ የውስጥ ብረቶቹ ተራ በተራ ተሰበሩ። በአንድ ሳምንት ገደማ ውስጥ ሁለቱም በረዶ ላይ ተትተው ቀሩ። አብረው የነበሩት አራት ሰዎች ጭነቱን በትከሻቸው እየጎተቱ ቀጠሉ። ከአራቱ አንዱ ማን ነበር? ያው ኢቫንስ ራሱ።

ስኮት ማሽኖቹ ሲቀሩ በማስታወሻው የጻፈውን ፍሬ ነገር ብናየው፣ ሰንሰለቱ እንደሚሠራ ተረጋግጧል፤ የሞተሩም ጉድለት ሊታረም የሚችል ነው ይላል። እውነቱን ነው። ግን ሊያርመው የሚችለው ሰው እንግሊዝ አገር ቀርቷል። ስኮት ጥር 17 ቀን 1912 ዋልታው ላይ ሲደርስ የኖርዌዩ አሙንድሰን በውሻ ቀድሞት ነበር። በመመለሻው ላይ ስኮትና አራት ጓደኞቹ አለቁ። ስኬልተን ቢኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር ብዬ አልምልም። የሞቱባቸው ምክንያቶች ብዙ ናቸው፤ ምግቡ፣ ብርዱ፣ ነዳጁ፣ ዕድሉ። ሞተሩን የሚያውቀው ሰው ግን በማዕረግ ምክንያት መቅረቱ ከታሪኩ አይፋቅም።

ከዚያ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት መጣ። በ1915 እንግሊዞች ቦይ የሚሻገር የብረት ተሽከርካሪ ለመሥራት ተነሱ። ሥራው ሊንከን ከተማ ውስጥ ለዊልያም ትሪተንና ለዋልተር ዊልሰን ተሰጠ። ለመጀመሪያው ሞዴል ሰንሰለት ከቺካጎ አስመጥተው ገጠሙለት። በደልዳላ መሬት ላይ ደህና ሄደ። ቦይ ሲያሻግሩት ግን ሰንሰለቱ ከሥር ባዶ ሲያገኝ ረግቦ ወደ ታች ተንጠለጠለ፤ ወዲያ ማዶ ሲደርስ መንኮራኩሩ ላይ አልገባም ብሎ ወለቀ። "ከላላ ይወልቃል" ያሉት ሽማግሌ እዚያ ቢኖሩ ምን ይሉ ነበር! ትሪተን ሌላ ሰንሰለት፣ ሌላ መገጣጠሚያ ሞከረ። በመስከረም 1915 ከብረት ሰሌዳ ተቀጥቅጦ የተሠራ፣ ከአካሉ ጋር ተያይዞ የማይረግብ ሰንሰለት አገኘ። ታንክ የተባለው ነገር በእርግጥ የተወለደው ያን ቀን ነው ማለት ይቻላል። መድፉና ብረት ለበሱ አስቀድሞም ነበር፤ የጠፋው የሰንሰለቱ ልክ ነበር።

መስከረም 15 ቀን 1916 በሶም ጦር ሜዳ ታንኮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፉ ከ49ኙ ሲሶ ያህሉ መነሻው መስመር ላይ ሳይደርሱ ተበላሽተው ቀርተዋል። ጠላት ሳያያቸው ማለት ነው።

በሌላ በኩል በሩሲያ የንጉሡ ኒኮላስ ሁለተኛ ጋራዥ የመካኒክ ክፍል ኃላፊ አዶልፍ ኬግሬስ የተባለ ፈረንሳዊ ነበር። የንጉሡ መኪና በክረምት በረዶ ላይ እንዳትቆም የፈለገው ኬግሬስ የኋላ ጎማዎቹን አውልቆ በብረት ፈንታ እንደ ቀበቶ የሚተጣጠፍ ለስላሳ ሰንሰለት ገጠመባት። ዛሬ ለሜዳ መኪና የሚገጠመው የላስቲክ ሰንሰለት ቅድመ አያት ይህ ነው። አብዮቱ ሲመጣ ኬግሬስ ወደ አገሩ ሸሸ። ሰንሰለቱ ግን እዚያው ቀረና የሌኒንን ሮልስ ሮይስ አገለገለ፤ መኪናዋ አሁንም በሞስኮ አቅራቢያ በጎርኪ ትታያለች። በረዶ ንጉሥና አብዮተኛ አይለይም።

ፈረንሳይ ውስጥ አንድሬ ሲትሮየን የኬግሬስን ሰንሰለት ወሰደና ለማስታወቂያ ሰሐራን ለማቋረጥ አሰበ። ታኅሣሥ 17 ቀን 1922 አምስት መኪኖች ከአልጄሪያ ቱጉርት ተነስተው ጥር 7 ቀን 1923 ቲምቡክቱ ገቡ። ከ3000 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ በረሃ በሦስት ሳምንት ተቆረጠ። ይህ ጉዞ የቅኝ ገዢዎች ጉዞ መሆኑን መርሳት አይገባም፤ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ የሰው ምድር ላይ ጎዳና መቀየስ ነበር። ቢሆንም ከሹፌሮቹ አብዛኞቹ መካኒኮች ነበሩ። አሸዋና ድንጋይ ቀበቶውን ሲበላው መንገድ ላይ የሚያየው፣ የሚያጠብቀው፣ የሚቀይረው ሰው አብሮ ተቀምጧል።

ይህ ሰንሰለት ወደ እኛም መጣ፤ መንገድ ሊሠራ ሳይሆን አገር ሊወስድ። በ1928 ዓ.ም. ፋሽስት ኢጣልያ ስትወርረን ይዛቸው ከመጣቻቸው ማሽኖች መካከል ሁለት ሰው የሚይዙ፣ ሦስት ቶን ያህል የሚመዝኑ ትንንሽ ታንኮች ነበሩ። መትረየሳቸው ወደ ፊት ብቻ የሚያይ ነው፤ ዘወር የሚል ጣሪያ የላቸውም። በታኅሣሥ ወር የራስ እምሩ ጦር ቀዳሚ ክፍል በፊታውራሪ ሽፈራው እየተመራ ተከዜን ተሻግሮ በሽሬ በኩል ደምበጉና ላይ ከጠላት ጋር ገጠመ። ሰንሰለት ለጭቃና ለአሸዋ ነው የተፈጠረው። በትልልቅ ድንጋይ መካከል ሲገባ ሆዱ ይሰቀላል፤ ሲታጠፍ ሰንሰለቱ ይወልቃል። የኢትዮጵያ ተዋጊዎች የማሽኑን ጠባይ ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። በፊት ለፊት መቆሙን ትተው ከጎንና ከኋላ መጡበት። ላዩ ላይ ወጡ። ያን ቀን ኢጣልያኖች በርካታ ታንኮች አጡ።

ታሪኩን እዚህ ላይ ብናቆመው ደስ ይለን ነበር። ነገር ግን ከሳምንት ገደማ በኋላ በዚያው በተከዜ ግንባር፣ በዚያው በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ ከሰማይ ወረደ። ብረቱን በእጁ ያሸነፈ ሰው ለማይጨበጠው ነገር እጅ አጣ። ይህንንም አብሮ መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ጀግንነቱን ተረት እናደርገዋለን።

አሁን ወደ ደቡብ ዋልታ እንመለስ፤ የስኮት ጥያቄ መልስ ያገኘው እዚያው ነውና። ስኮት ከሞተ ከ46 ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ጉዞ ተሰናዳ። እንግሊዛዊው ቪቪያን ፉክስ አንታርክቲካን ከዳር እስከ ዳር ሊያቋርጥ ከአንድ ወገን ተነሳ። ኤቨረስትን በ1953 ከቴንዚንግ ጋር የወጣው የኒውዚላንዱ ኤድመንድ ሂላሪ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ነዳጅና ስንቅ እንዲያከማችለት ተመደበ። ፉክስ የያዛቸው ለበረዶ ተብለው የተሠሩ፣ አራት የተለያየ ሰንሰለት ያላቸው ትልልቅ ማሽኖች ናቸው። ሂላሪ የያዛቸው ደግሞ ፈርጉሰን የሚባሉ ተራ የእርሻ ትራክተሮች! ትራክተሮቹ ጎማቸው እንዳለ ሆኖ በፊትና በኋላ ጎማ መካከል አንድ ተጨማሪ ትንሽ ጎማ ተጨመረላቸው። በዙሪያቸውም ሰንሰለት ተጠመጠመ። ለማረስ የተሠራች ማሽን ላይ ሰንሰለት መጫን፤ ሆልት በስቶክተን ያደረገውም ይኸው ነበር።

ሂላሪ በጥቅምት 14 ቀን 1957 ተነሳ። ስንቁን አከማችቶ ሲጨርስ ተመለስ ቢባልም አልተመለሰም። ጥር 4 ቀን 1958 ሦስቱ ትራክተሮች ደቡብ ዋልታ ደረሱ። በየብስ በሞተር ተሽከርካሪ እዚያ የደረሱ የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ፉክስ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደርሶ ጉዞውን መጋቢት 2 ቀን ፈጸመ። ከሂላሪ ጋር ዋልታው ላይ የቆሙትን ሰዎች ብንቆጥር ከራሱ ጋር አምስት ናቸው። ከአምስቱ ሁለቱ፣ መሪ ኤሊስና ጂም ቤትስ፣ የማሽኖቹ መሐንዲስና መካኒክ ነበሩ። ስኮት ያስቀረውን ሰው ሂላሪ ከጎኑ አስቀመጠ። ማሽኑ ደካማ ነበር፤ የሚያውቀው ሰው ግን አብሮ ነበር።

ዛሬ ይህ ነገር የአሳሾች ብቻ መሆኑ ቀርቷል። በ1992 አንድ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ በአሜሪካ ሚኔሶታ፣ በአራቱም ጎማ ፈንታ ሰንሰለት ያላት መኪና በወረቀት ላይ ሳለ። አባቱ ሥዕሉን አይቶ ሠራው፤ ከዚያም ፋብሪካ ሆነ። አሁን ማንኛውም ባለ አራት ጎማ የሜዳ መኪና ጎማዎቹ ወልቀው በምትካቸው ሦስት ማዕዘን ቅርጽ ያላቸው የላስቲክ ሰንሰለቶች ይገጠሙለታል። በበረዶ፣ በረግረግ፣ በአሸዋ ይሄዳል። ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ፍጥነቱም ይቀንሳል። ግን ጎማ የማይገባበት ይገባል።

ይህን ዕቃ የገዛ ሰው ገጥሜዋለሁ ብሎ የሚጨርስ ከመሰለው ተሳስቷል። መግጠሙ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ልኩን መያዝ ግን ሁልጊዜ ነው። ሦስት ነገር አለ።

የመጀመሪያው ውጥረቱ ነው። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ሞተሩን ያደክማል፣ መሸከሚያውን ይፈጃል፣ ነዳጅ ይበላል። ከላላ በጥርሱ ላይ ይዘላል፤ መኪናው በጎን ሲያዘነብል ወይም ሲታጠፍ ይወልቃል። የሚለካውም ታጥቦ ነው፤ ጭቃ የጎረሰ ሰንሰለት የውሸት ጥብቀት ያሳያል። ቢጫው ዶዘር ላይ የሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። በደረቅ ሲለካ ልክ የነበረው፣ ጭቃው ሲገባበት ከልክ አለፈ። ስለዚህ የሚያውቅ ሰው የሚለካው የዛሬውን ሥራ ቦታ አስቦ ነው። ጭቃ ውስጥ የሚውል ከሆነ ጥቂት ያላላዋል። አዲስ ሰንሰለት ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ስለሚለጠጥ ቶሎ ተመልሶ መታየት አለበት። ግራና ቀኙም እኩል ካልሆነ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ሁለተኛው አቅጣጫው ነው። የፊት ሁለቱ ሰንሰለቶች እርስ በርሳቸው እንዴት ይተያያሉ? ትንሽ ከተዛነፉ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር የላስቲኩ ጠርዝ ይላጫል፤ ባለቤቱም "ዕቃው ጥራት የለውም" ይላል። ሦስተኛው የአፍንጫው ከፍታ ነው። ሦስት ማዕዘኑ በራሱ ላይ እንዳይሽከረከር የሚይዘው አንድ ዘንግ አለ። ዘንጉ ሲያጥር ወይም ሲረዝም የሰንሰለቱ አፍንጫ ይደፋል ወይም ይነሳል። ከተደፋ መሬት እየወጋ መሪውን ያከብደዋል። ከልክ በላይ ከተነሳ ኋላው ይጎተታል። የሚፈታው አንድ ዳዶ ነው፤ የሚዞረው ምናልባት ሁለት ዙር ነው። በዚያች በሁለት ዙር መኪናው ይሄዳል ወይም ይቆማል።

ስለ ዶዘሩም አንድ ነገር ልጨምር፤ ሕይወት ያድናልና። በአሁኖቹ ማሽኖች ሰንሰለቱን የሚወጥረው በሲሊንደር ውስጥ ተጭኖ ያለ ግራሶ ነው። ግራሶ ሲጨመር ይጠብቃል፤ ማስተንፈሻው ሲላላ ይረግባል። ያ ግራሶ ያለበት ጫና ከፍተኛ ስለሆነ ማስተንፈሻውን ከመጠን በላይ የፈታ ሰው ብረቱ እንደ ጥይት ሊወረወርበት፣ ግራሶውም ቆዳ በስቶ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በዝግታ፣ በጥቂቱ፣ ፊትን ወደ ጎን አድርጎ ነው። ሽማግሌው ያንን ሲያደርጉ እኛን ሕፃናቱን በዱላቸው ያባርሩን ነበር። ያኔ ክፋት መስሎን ነበር።

እንግዲህ ከኤጅዎርዝ እስከ ዛሬ ከሁለት መቶ ኃምሳ ዓመት በላይ ሆኗል። ሰንሰለቱ ከእንጨት ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ላስቲክ ተለውጧል። ሞተሩ ከእንፋሎት ወደ ናፍጣ ሄዷል። ያልተለወጠው ጠዋት ጎንበስ ብሎ የሚለካው ሰው ነው። ይህን ሰው በምንም መዋቅር ውስጥ ማስገባት ይቸግራል። ሥራው አይታይም፤ ጥሩ ሲሠራ ምንም ነገር አይፈጠርም። ሪፖርት ላይ "ዛሬ ምንም አልተሰበረም" ተብሎ አይጻፍም። አዲስ ማሽን ሲገዛ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ግራሶ ለጨመረ ሰው ሪባን የሚቆርጥ የለም። ስለዚህ ማሽን እንገዛለን፤ ለኪውን እናዛውራለን። ከዚያ በየግቢው ሣር የበቀለባቸውን ብረቶች እያየን "የዘንድሮ ዕቃ አይረባም" እንላለን።

ማስረጃ አይጠየቅ አላልኩም። ያ ወጣት መካኒክም ተምሮ የመጣ ነው፤ ጥፋቱ የእሱ አልነበረም። ሁለቱን አንድ ዓመት አብረው ቢያሠሯቸው ኖሮ ልጁ መጽሐፉን ይዞ፣ ሽማግሌው ጭቃውን አውቀው፣ ከሁለት ሰው አንድ ሙሉ ሰው ይወጣ ነበር። በስኮት ጉዞም የጎደለው ይኸው ነው፤ አንዱ ለሌላው ቦታ መልቀቅ።

መለዋወጫው በሁለተኛው ዓመት መጣ። የሚገጥመው ሰው ሲጠፋ ሽማግሌውን ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ጠሯቸው። ከዘራቸውን ለልጅ ሰጥተው ካቦርታቸውን አወለቁና ገቡበት። በሦስተኛው ቀን ማሽኑ ተነሳ። ከዚያ ወዲያ መንገዱ እስኪያልቅ ድረስ ጠዋት ጠዋት ጣውላቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። ማታ ማታ ደግሞ ተመልሰው ግምጃ ቤቱን ይጠብቃሉ። የደመወዝ መዝገቡ ላይ እስከ መጨረሻው "ጥበቃ" ነበሩ።

መንገዱ ሲመረቅ የጎረቤታችን ልጅ ሁለተኛ ልጇን አዝላ ቆማ ነበር። ሕዝቡ ለእንግዶቹ ሲያጨበጭብ እሷ ሰልፉን አቋርጣ ሄዳ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመች። ከእንግዶቹ መካከል ለምን እንደሆነ የገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።